የአንቴናው ግማሽ ሞተሩ ነው፦ የጉዞ ሞተር ላይ የሲቢ ሬዲዮ አንቴና መምረጥና መግጠም

ከንጋቱ 12 ሰዓት ለገሃር ተገናኝተን በሦስት ሞተር ወደ ደብረ ሊባኖስ ወጣን። ቆመን ስንሞክረው እርስ በርስ የምንነጋገርበት የሲቢ ሬዲዮ ጥርት ብሎ ይሠራ ነበር። ሱሉልታን እንዳለፍን ግን ነገር ተበላሸ። ከፊት ያለውን ጓደኛዬን እኔ እሰማዋለሁ፤ እሱ እኔን አይሰማኝም። "ምነው ዘጋኸኝ?" ይለኛል። እኔ ደግሞ ሄልሜቴ ውስጥ ጉሮሮዬ እስኪነቃ እጮኻለሁ። ጫንጮ ሻይ ልንጠጣ ስንቆም መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ሬዲዮውን አውጥቶ መጣል ነበር።

ሬዲዮው ምንም አልሆነም። አንቴናውም ደህና ነበር። ጥፋቱ የራሴ ነው። አንቴናውን የኋላው ፕላስቲክ ሻንጣ ላይ በሁለት ብሎን አስሬ፣ ጨረስኩ ብዬ እጄን ታጥቤአለሁ። አንቴና ግን የቆመው ዘንግ ብቻ አይደለም። ግማሹ ዘንጉ ነው፤ ሌላው ግማሽ ከሥሩ ያለው ብረት ነው፤ ግራውንድ የሚሉት እሱን ነው። መኪና ላይ ጣሪያውና ቦዲው ያንን ሥራ ሳትጠይቁት ይሠራል። ሞተር ላይ እናንተ ካላዘጋጃችሁለት የለም። ብዙ ሰው ውድ አንቴና ገዝቶ የሚያዝነው እዚህ ጋ ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት

ሲቢ አሜሪካ ውስጥ ማንም ሰው የግል ፈቃድ ሳያወጣ ገዝቶ የሚያወራበት ሬዲዮ ነው። እኛ ጋ እንደዚያ አይደለም። የሬዲዮ ሞገድ በኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ይተዳደራል፤ የሚቆጣጠረውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ዕቃውን ከውጭ ከማስመጣታችሁ በፊት ሄዳችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም በወረቀት ያዙ። "ማን ይጠይቅሃል" የሚል ጓደኛ አይጠፋም። ጉምሩክ ስትቆሙ ግን እሱ አብሯችሁ አይቆምም።

የተፈቀደላችሁ ሌላ ፍሪኩዌንሲ ከሆነም ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው ነገር ይሠራል። በዋናነት የሚቀየረው የዘንጉ ርዝመት ነው።

ለምን ያጥራል?

ሲቢ 40 ቻናል አለው። ቻናል 1 በ26.965 ሜጋኸርዝ ላይ ነው፤ ቻናል 40 በ27.405። እዚህ አካባቢ አንድ ሞገድ 11 ሜትር ገደማ ይረዝማል። ሳይቸገር የሚሠራ ዘንግ የዚህን ሩብ ያህል መሆን ይፈልጋል፤ 2.75 ሜትር ማለት ነው። ይህን ሞተር ላይ አቁማችሁ በቸርችል ጎዳና ስትወርዱ አስቡት። ዓሣ ልታጠምዱ የምትሄዱ ነው የምትመስሉት።

ስለዚህ የሞተር አንቴና ሁልጊዜ ያጠረ ነው። የጎደለውን ርዝመት የተጠቀለለ ሽቦ፣ ኮይል፣ ያሟላለታል። ይህ ግን በነፃ አይመጣም። አንቴናው ባጠረ ቁጥር ከኃይሉ የተወሰነው ሙቀት ሆኖ ይቀራል። በደንብ የሚሠራባቸው ቻናሎችም ያንሳሉ። ስድሳ ሳንቲ ሜትር የሆነ አንቴና ፎቶ ላይ ያምራል፤ መሃል ላይ ካስተካከላችሁት ግን ዳርና ዳር ያሉት ቻናሎች ላይ ያስቸግራችኋል። እኔ ከ1 ሜትር በታች አልገዛም። 1.20 ሜትር አካባቢ ለእኔ ልኩ ነው። ከ1.50 በላይ ደግሞ የሰፈሩ ዛፍና የኤሌክትሪክ ሽቦ ጠላታችሁ ይሆናል።

የትኛውን ልግዛ?

ኮይሉ የት ጋ እንዳለ እዩ። ሥሩ ላይ ያለው ዓይነት ከላይ ቀጭን የማይዝግ ሽቦ አለው። ቀላል ነው፤ ነፋስ ሲገፋው ይታጠፋል፤ ማሰሪያውንም አያስጨንቅም። ችግሩ ዋናው ሥራ የሚሠራው ከታች በኩል መሆኑ ነው። ሞተር ላይ ያ ቦታ ከሻንጣውና ከተሳፋሪው ጀርባ አጠገብ ይወድቃል። ኮይሉ ጫፉ ላይ የሆነው፣ ብዙ ጊዜ ፋይበርግላስ ላይ የተጠመጠመው፣ ሥራውን ወደ ላይ ከፍ አድርጎ ይሠራል። ከሰው ትከሻ በላይ ይነጋገራል ማለት ይቻላል። ግን ጠንካራ ነው፤ ጫፉም ይከብዳል። በፍጥነት ስትነዱ ማሰሪያውን እንደ ዶማ እጀታ ይፈለቅቀዋል። ጠንካራ ማሰሪያ ማሠራት ከቻላችሁ ይህን ውሰዱ። ካልቻላችሁ የመጀመሪያው ይሻላችኋል።

ሥሩ ላይ ሞላ ልግጠም ወይ የሚል ጥያቄ ይመጣል። መኪና ላይ ጥሩ ነው። ሞተር ላይ ግን የላላ ሞላ አንቴናውን ስትነዱ ወደ ኋላ ያስተኛዋል። ቆማችሁ ያስተካከላችሁት ልክ መንገድ ላይ ሌላ ይሆናል። የግድ ካስፈለገ ደረቅ ያለውን ምረጡ።

ሌላው ምርጫ ግራውንድ የማይፈልግ የሚባለው ዓይነት ነው። አንቴናውና ገመዱ አንድ ላይ ተለክተው ከፋብሪካ ይወጣሉ። ከሥሩ ብረት ባይኖርም ይሠራል። ሲሰሙት ለሞተር የተፈጠረ ይመስላል፤ ሐሰትም አይደለም። ግን ገመዱ የአንቴናው አካል ስለሆነ ማሳጠር አይቻልም። በሌላ ተራ ገመድ መተካትም አይቻልም። አዲስ አበባ ላይ ገመዱ ማርሚታ ነክቶት ቢቀልጥ ሙሉውን እንደገና ከውጭ ማስላክ ነው። እኔ ለዚህ ስል ተራውን መርጬ ግራውንዱን ራሴ እሠራለሁ። ከሞተሩ ጋር ልፋት የማይፈልግ ሰው ሌላውን ቢገዛ አልፈርድበትም።

ደግሞ የትልልቆቹን የጉዞ ሞተሮች ፎቶ አይታችሁ ሁለት አንቴና ለመግጠም አትቸኩሉ። ከሻንጣው ግራና ቀኝ ከሚቆሙት አንዱ ብዙ ጊዜ የኤፍኤም ሬዲዮ ነው። ሁለት የሲቢ አንቴናዎች ተረዳድተው እንዲሠሩ በመካከላቸው ወደ 2.7 ሜትር ርቀት ይፈልጋሉ። የጭነት መኪና እንኳ በቅጡ አያገኘውም።

ገመዱ

50 ኦም ገመድ ነው የምትፈልጉት። አርጂ-58 የሚባለው ቀጭን ስለሆነ ለሞተር ይመቻል። መርካቶ አንድ ሱቅ ገብቼ ስጠይቅ ነጭ የዲሽ ገመድ አውጥተው "ያው ነው ወንድሜ፣ እንዲያውም ይሄ ይወፍራል" አሉኝ። ያው አይደለም። የቲቪና የዲሽ ገመድ 75 ኦም ነው። ልባሱ ላይ የታተመውን ጽሑፍ ሳታነቡ ብር አታውጡ።

ቦታውና ማሰሪያው

ቦታው ከኋላ ነው፤ በተቻለ መጠን ከፍ ያለ፣ ከሻንጣው አንዱ ጎን። ከመቁረጣችሁ በፊት ሰው ከኋላ አስቀምጡና ዘንጉን በእጃችሁ ያዙት። ሲዞር ፊቱን የሚመታ ከሆነ ወደ ውጭ አርቁት። ሬዲዮው በሚያስተላልፍበት ጊዜ ዘንጉን የነካ ሰው እጁን ሊለበልበው ይችላል። የሬዲዮው ኃይል 4 ዋት ስለሆነ ትንሽ ይመስላል፤ ጣት ላይ ሲሆን ግን ትንሽ አይደለም።

ማሰሪያው ሻንጣው ላይ ሳይሆን ሻንጣውን የተሸከመው ብረት ላይ ይሁን። ለእኔ መርካቶ ያለ በያጅ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው የማይዝግ ላሜራ በኤል ቅርጽ ሠርቶልኛል። አንዱ ክንፍ ከዕቃ መጫኛው ጋር በሁለት ብሎን ይታሰራል፤ ሌላው ተኝቶ አንቴናውን ይሸከማል። መጀመሪያ በካርቶን ቆርጣችሁ ልኩን ውሰዱለት። በቃል ብታስረዱት በሄዳችሁ ቁጥር "እንዲህ ነው ያልከኝ" ይላችኋል። ለአንቴናው መቀመጫ የሚሆነው ቀዳዳ ብዙ ጊዜ በ13 ሚሊ ሜትር ፑንታ ይወጣል፤ ግን መቀመጫውን ይዛችሁ ሂዱና ለክታችሁ አስበሱ።

ግራውንዱ

ይህን ክፍል በቁም ነገር አንብቡት። የጫንጮውን ውርደት ያመጣብኝ ይሄ ነው።

ማሰሪያው ብረት ስለሆነ ብቻ ከሻሲው ጋር ተገናኝቷል ማለት አይደለም። በመካከል ቀለም አለ፣ ጎማ አለ፣ ዝገት አለ። ስለዚህ ከማሰሪያው ወደ ሻሲው የራሱ የሆነ ሽቦ ዘርጉለት። ተራ ክብ ሽቦ አትጠቀሙ። እንደ ሹሩባ የተጎነጎነው ጠፍጣፋ የመዳብ ሽቦ ነው የሚሻለው። የመኪና ባትሪን ከቦዲ ጋር የሚያገናኘው ዓይነት ነው፤ ሶማሌ ተራ ጠይቁ። ለዚህ ዓይነት ሞገድ ሰፊና አጭር መንገድ ይሻለዋል። ከ30 ሳንቲ ሜትር ባይበልጥ ጥሩ ነው።

ሁለቱ ጫፎች የሚያርፉበትን ቦታ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉ። ቀለሙ ለቆ ብረቱ ሲያብለጨልጭ በብሎን፣ በሮንዴላና በዳዶ አጥብቁት። ከዚያ በላዩ ግሪስ ቀቡት፤ ክረምቱ ያዝገዋል አለበለዚያ። የሻንጣው ክዳን፣ የዕቃ መጫኛውና የኋላው ፓራፋንጎ ብረት ከሆኑ እነሱንም በተመሳሳይ ሽቦ ከሻሲው ጋር አያይዟቸው። እያንዳንዱ የተጨመረ ብረት የአንቴናውን ሌላ ግማሽ ያሳድገዋል።

መግጠም

የአንቴናው መቀመጫ ትንንሽ ቁርጥራጮች አሉት፤ ከመካከላቸው አንዲት የፕላስቲክ ሮንዴላ አለች። ሥራዋ መሃለኛውን ብሎን ከማሰሪያው ብረት መለየት ነው። አንገቷ ቀዳዳው ውስጥ መግባት አለበት። ከላይ ወደ ታች ስትቆጥሩ አንቴናው የሚጠመዘዝበት ራስ፣ የፕላስቲክ ሮንዴላዋ፣ ማሰሪያው፣ ከዚያ የገመዱ ማያያዣ ነው። እሷን ረስቶ ወይም ገልብጦ የገጠመ ሰው አንቴናውን ከግራውንድ ጋር አገናኘ ማለት ነው። ሬዲዮው ኃይሉን ወደ አየር ሳይሆን ወደ ራሱ ይመልሳል።

ገመዱን ከማርሚታው አርቁ። መሪው ሲዞር የሚጠመዘዝበት ቦታ አታሳልፉት። ኮርቻው ሥር ሲገባ ሹል ብረት እንዳይበላው እዩ። የተረፈውን እንደ ጠባብ ክብ አትጠቅልሉት፤ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ረዘም ባለ ስምንት ቁጥር ቅርጽ አጥፋችሁ እሰሩት። ሬዲዮው ኤሌክትሪኩን ከባትሪው በቀጥታ ይውሰድ፤ ፊውዙም ባትሪው አጠገብ ይሁን። የፊውዙ መጠን ከሬዲዮው ጋር የመጣው ወረቀት ላይ አለ።

አሁን ቴስተር አውጡ። አንቴናውን ንቀሉት፤ አንዳንዱ አንቴና በተፈጥሮው ግራውንድ ያሳያልና ያሳስታችኋል። ገመዱንም ከሬዲዮው ንቀሉ። ከማሰሪያው እስከ ባትሪው ኔጋቲቭ ለኩ፤ ከ1 ኦም በታች መሆን አለበት። ከገመዱ መሃለኛ ፒን እስከ መቀመጫው ራስ ለኩ፤ ቴስተሩ መጮህ አለበት። በመጨረሻ ከመሃለኛው ፒን እስከ ውጨኛው ቀለበት ለኩ። እዚህ ከጮኸ ያቺ የፕላስቲክ ሮንዴላ ናት፣ ወይም ማያያዣው ውስጥ አንድ የሽቦ ጭራ ነክቷል። ሳይስተካከል ሬዲዮውን አታስተላልፉበት። አንቴና ሳይኖርም አታስተላልፉ፤ ማስተላለፊያው ሊቃጠል ይችላል።

ማስተካከል

ለዚህ ኤስ ደብልዩ አር ሜትር ያስፈልጋል። ከላካችሁት ኃይል ምን ያህሉ ከአንቴናው እንደሚመለስ የሚያሳይ መሣሪያ ነው። 1 ከሆነ ምንም አይመለስም። 1.5 ላይ 4 በመቶ ይመለሳል፤ 2 ላይ 11 በመቶ፤ 3 ላይ 25 በመቶ። ከ1.5 በታች ከሆነ ተደሰቱ። እስከ 2 ድረስ ይሠራል። 3 ከደረሰ አቁሙ። ከጓደኛ መዋስ ይቻላል፤ በየቀኑ የሚያስፈልግ ዕቃ አይደለም።

ቦታው ገላጣ ይሁን። ግቢ ውስጥ ከቆርቆሮ አጥር አጠገብ የተለካ ቁጥር ውሸት ነው። ስታዲየም አካባቢም የባቡሩ የኤሌክትሪክ መስመር ከላይ አለ። እኔ በጠዋት ጃን ሜዳ በኩል እሄዳለሁ፤ ኳስ ተጫዋቾቹ ሳይሞሉት። ሞተሩን ቀጥ አድርጋችሁ በመሃል ማቆሚያው አቁሙ። ሻንጣው ይዘጋ። እናንተ ወይም ሌላ ሰው ኮርቻው ላይ ተቀመጡ፤ የሰው አካልም ቁጥሩን ይቀይረዋል።

ሜትሩን በሬዲዮውና በአንቴናው ገመድ መካከል በአጭር 50 ኦም ገመድ አስገቡት። ቻናሉ ላይ ሰው እያወራ እንዳልሆነ አዳምጡ። የሜትሩን ማብሪያ ወደ ሂያጁ ኃይል አድርጋችሁ ማይኩን ተጫኑ፤ መርፌውን ምልክቱ ላይ አምጡ። ወደ ተመላሹ ቀይሩና ቁጥሩን አንብቡ። ከጥቂት ሴኮንድ በላይ አትቆዩ። ይህን በቻናል 1፣ በ20 እና በ40 ላይ አድርጉና ሦስቱንም ጻፏቸው። በየቻናሉ መርፌውን እንደገና ምልክቱ ላይ ማምጣት አትርሱ።

አነባበቡ እንዲህ ነው። ቻናል 1 ላይ ያለው ቁጥር ቻናል 40 ላይ ካለው ከበለጠ አንቴናው አጥሯል። ቻናል 40 ላይ ያለው ከበለጠ ረዝሟል። የእኔ ግራውንዱን ከሠራሁ በኋላ መጀመሪያ 2.6፣ 2.1 እና 1.7 ነበር፤ ስለዚህ አጥሯል። ጫፉ ላይ ያለችውን ማስተካከያ ብሎን ትንሽ ትንሽ እያወጣሁ፣ በየመሃሉ እየለካሁ፣ 1.8፣ 1.3 እና 1.7 ላይ ደረስኩ። ከዚያ በላይ አልተጨቃጨቅኩም። በዚህ ርዝመት ዳርና ዳሩን ወደ 1 ለማውረድ መታገል ትርፉ ድካም ነው።

ብሎን የሌለው ሽቦ ከሆነ በመቁረጥ ነው የሚስተካከለው። በአንድ ጊዜ ከ3 ሚሊ ሜትር አትለፉ። ጸጉር ቆራጭ ካበዛ ይበቅላል፤ ይሄ አይበቅልም።

ሦስቱም ቻናል ላይ ከ3 በላይ ከሆነ ደግሞ መቁረጫውን አስቀምጡት። ያ የርዝመት ችግር አይመስልም። ወደ ግራውንዱ፣ ወደ ሮንዴላዋና ወደ ገመዱ ተመለሱ። ሱሉልታ ላይ ድምፄ ያልወጣው እንዲህ ባለ አንቴና ነው። ያችን ሹሩባ ሽቦ ብቻ ሳስር ዘንጉን ሳልነካው ቁጥሩ ወረደ።

መንገድ ላይ

ሞተሩ ሲነሳ ሬዲዮው ቢንጣጣ ካንዴላዎቹን እዩ። ኮዱ ውስጥ የላቲኑ አር ያለበት ዓይነት ጫጫታውን ይቀንሰዋል። ነዳጅ ስትሰጡ አብሮ የሚያፏጭ ድምፅ ከሆነ ግን የሚገባው በሬዲዮው የኤሌክትሪክ መስመር ነው፤ ከባትሪው በቀጥታ መውሰዱን አረጋግጡ። ርካሽ የዩኤስቢ ቻርጀርና የኤልኢዲ መብራትም ይጮኻሉ። አንድ በአንድ እየነቀላችሁ ሞክሩ።

ኃይል መጨመሪያ ማሽን ልግዛ ለሚል አንድ ነገር ልበል። ኃይሉን አራት እጥፍ ብታሳድጉት ተቀባዩ ዘንድ የሞገዱን ጥንካሬ የሚያሳየው መርፌ የሚጨምረው አንድ ደረጃ ብቻ ነው። ሕጉም ባትሪውም ይከፉባችኋል። ከፍታ ይበልጣል። እንጦጦ ላይ ቆማችሁ ስትነጋገሩ የሚገኘው ርቀት ሜክሲኮ ካሉት ሕንፃዎች መሃል አይገኝም። አባይ በረሃ ሲወርዱም መታጠፊያው ተራራ ከጋረደ ምንም አንቴና አያልፈውም፤ ተጠባበቁ።

ከመጀመሪያው 100 ኪሎ ሜትር በኋላ ሁሉንም ብሎን እንደገና አጥብቁ፤ ኮብልስቶን ላይ የምትነዱ ከሆነ ከዚያም ቀድማችሁ። ፒያሳ ሞተር አቁሞ የሚሄድ ሰው አንቴናውን በቶሎ መንቀያ ቢገጥምለት ደስ ይለዋል፤ እኔም አለኝ። መንቀያው ግን ርዝመት ስለሚጨምር መለካት ያለበት እሱ ተገጥሞ ነው። አንቴናውን ነቅላችሁ ስትሄዱ የቀረችው ብሎን ላይ የጎማ ክዳን አድርጉባት፤ ዝናብ እዚያ ከገባ በገመዱ ውስጥ ወርዶ መዳቡን ይበላዋል።